ጨለማ ትፈራለህ ወይ ብለውኝ ነበር

ለምወድሽ ለእትዬ፣

እንዴት ከርመሻል? ጉልበትሽ ተሻለሽ? ልጆቹስ? ባለቤትሽ አሁንም ወንበር ላይ እንቅልፍ ይወስደዋል? እኔ ካንቺ ናፍቆት በቀር ደህና ነኝ። ይህን ማን ጻፈለት እንዳትዪ፤ እኔው ነኝ። በማታ ትምህርት ቤት ከክፍሉ ሁሉ ቀድሜ ማንበብ የቻልኩት እኔ ነኝ። አስተማሪዋ አፍ አውጥታ አልተናገረችም እንጂ ልቧ ያውቀዋል።

ወሬው እንዲህ ነው። በምድር ጫፍ፣ በረዶ ብቻ ባለበት አገር፣ ሳይንቲስቶች የሚኖሩበት የምርምር ጣቢያ አለ። ብርዱ ሲጠና ፀሐይ ለወራት አትወጣም፤ አውሮፕላንም አይደርስም። ጄኔሬተር የሚጠብቅ መካኒክ ይፈልጋሉ ሲባል በገዛ እጄ ጽፌ አመለከትኩ። ጄኔሬተሩ ከጠፋ እኮ እነዚያ ሁሉ ምሁራን እኔ መካኒክ በሆንኩበት መጋዘን በረዶ ውስጥ እንዳሉት የታረዱ ዶሮዎች ደርቀው መቅረታቸው ነው።

ብርዱን ልልመደው ብዬ በምሳ ሰዓት ማቀዝቀዣ ክፍላችን ውስጥ መቀመጥ ጀመርኩ። ዘበኛው፣ አንተ ሰውዬ ዶሮዎቹን አታሳቅቃቸው፣ ይለኛል። በስልክ ሰምተሽ የተቆጣሽኝ ሳል ከዚያ የመጣ ነው። ማለቴ፣ ከዚያ የመጣ ነው ብዬ ነበር።

ለሥራው ቃለ መጠይቅ ያደረገችልኝ ሴትዮ ጨለማ ትፈራለህ ወይ አለችኝ። እሱ እኔን ይፍራ አልኳት፤ እስኪበቃት ሳቀች። አለፍኩ። የቀረው ምርመራ ነበር። እዚያ የታመመ ሰው መውጫ ስለሌለው ጥርስ ሳይቀር ያያሉ።

ሐኪሙ ቀበቶህ ላይ አዲስ ቀዳዳ ማን በሳው አለኝ። እኔው ነኝ፣ ሞያ ነው አልኩት። ሳቀ። የደረቴ ፎቶ ሲመጣ ግን ፎቶውን ያያል፣ እኔን ያያል። ሳሉ መቼ ጀመረህ ሲለኝ፣ ከዶሮዎቹ ጋር ምሳ መብላት ስጀምር አልኩት። አልሳቀም። ቤተሰብ አለህ ወይ አለኝ፤ ታላቅ እህት አለችኝ አልኩ።

«እንግዲያው ውጤቱን ልትሰማ ስትመለስ ብቻህን አትምጣ።»

ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር፤ ቀስ ብሎ፣ እንደ ዘመድ ነው የተናገረው።

ከዚያ ወደ ሌላ ክፍል ላከኝ። ድሮ ቢሆን የበሩን ጽሑፍ ሰው ጠይቄ እገባ ነበር። አሁን ግን ቆሜ ፊደሎቹን አንድ በአንድ ለቀምኳቸው፣ ገጣጠምኳቸው። ተሳስቼ ይሆናል ብዬ ደገምኩት። ያንን ቃል እዚህ አልጽፍልሽም፤ እኛ ክፍል ገና አልደረስንበትም።

ከዚያ ወዲህ መብራት አጥፍቼ መተኛት አቅቶኛል። ሴትዮዋ የሐኪሙን ቃል እስክንሰማ ቦታህን ይዘንልሃል ብላለች። ሻንጣዬንም ከአልጋው ሥር አውጥቼ አራግፌዋለሁ። ከፍቼ ግን ምን እንደምከትበት አላውቅም።

እትዬ፣ ልጅ ሆኜ መርፌ ስወጋ ዓይኔን በመዳፍሽ ትሸፍኚልኝ ነበር። አሁን ደግሞ ያ ሐኪም ሲናገር ከጎኔ ሁኚልኝ። ጎረቤት ወዴት ነው ካለሽ፣ ወንድሜ ወደ በረዶው አገር ሊሄድ ነውና ልሸኘው ነው በያቸው። ሲያዩሽ እንዳታለቅሺ ብቻ።

እግዜር ረጅም ዕድሜ ይስጥሽ፤ ከተረፈውም ለኔ ለምኚልኝ። ልጆቹን ሳሚልኝ። ሳትውዪ ሳታድሪ ነይ።

ጨለማ የማይፈራው
ታናሽ ወንድምሽ