ሦስቱ ወር እስኪሞላ

ይድረስ ለማከብርዎ ወንድም ጋሼ ዶንግሶፕ፣

ባሕር ማዶ እንደምን ከርመዋል? ወገብዎን ተሻለዎት ወይ? ባለቤትዎ እትዬ ሱክጃስ ደህና ናቸው? ልጆቹ ቴኡና ቦራ ትምህርታቸውን እንዴት ይዘውታል? ቦነስ አይረስ አሁን በጋ እየገባ ነው አሉ፤ ለልብስ ሱቃችሁ ደግ ወቅት ያድርግላችሁ። እኛ አለን። ደህና ነን ብሎ መጻፍ ልማዴ ነበር፤ ዛሬ ግን እጄ እምቢ አለኝ።

የዛጎሉ ሥራ ተጀምሯል። ባለቤቴ ፒልጉ ጀልባ ላይ ነው፣ እኔ ከንጋት ጀምሮ ቆሜ ሥጋውን ከዛጎሉ እፈለፍላለሁ። አብረውኝ የሚሠሩት ሴቶች እንደሚያውቋቸው ናቸው፤ ሰው ሲያሙና ሲሳሳቁ ይውላሉ። እኔም አብሬ እስቃለሁ፣ ምን እንዳሳቀኝ ግን አላውቀውም። ልቤ ደንዝዟል። አዝኛለሁ ብልዎት ደስ ባለኝ፤ ግን ምንም አይሰማኝም።

ነገሩን ከሥሩ ልንገርዎ። የእናታችን የካንሰር ኢንሹራንስ ክፍያ በየጊዜው እየጨመረ ሲያስቸግረን ርካሽ ይፈለግ ያልነው እርስዎም ነዎት፣ እኔም ነኝ። መቼም ፍለጋ ስንል ያው አክስታችን ጆምሱን ማለታችን ነው። የእናታችን ታናሽ እህት ኢንሹራንስ እየሸጠች ሌላ ቤት ሄደን ዋጋ ብንጠይቅ፣ በአባታችን ሙት ዓመት በምን ዓይናችን እናያት ነበር? የእኛ ቤተሰብ ጥርሱን የሚያስነቅለው እንኳ ዘመድ ዘንድ ነው። እሷም በሴፕቴምበር ከመኸር በዓል ማግስት መንደሪን ይዛ መጣች፤ አሮጌውን ውል አስፈርሳ በግማሽ ዋጋ አዲስ አስፈረመቻት። የሕይወት ኢንሹራንሷን ግን እማዬ አላስነካም አለች። «የሞቴ ከሕመሜ ረከሰ፣ ርካሹን ተዉልኝ» ብላ አሳቀችን።

አዲሱ ውል ሦስት ወር ሳይሞላው ካንሰር ቢገኝ አንድ ዎን እንኳ ገንዘብ እንደማይከፍል አክስታችን ነግራናለች፤ አልደበቀችንም። እስከዚያ አሮጌውን ማቆየት ነበረብን፤ ሁለቱንም መክፈል ደግሞ ከበደን። እናታችን ጉንፋን እንኳ የማይደፍራት ሴት ናት፣ ሦስት ወር ምን አላት ብለን ከቁብ ሳንቆጥረው ቀረን።

ውሉ አንድ ወር ሳይሞላው፣ አንድ እሑድ እንደ ልማዳችን የሕዝብ መታጠቢያ ቤት ሄደን ጀርባዋን ሳሽላት፣ እጄ ብብቷ ሥር ጠጣር ነገር ላይ አረፈ። ጡቷም ላይ አለ። ምንድን ነው ብላት ከሰሞኑ እንደወጣባት ነገረችኝና «ዝም ብለሽ እሺኝ፣ ብርድ ገባኝ» አለችኝ። አሸኋት። ሌላ ምን አደርጋለሁ?

አክስታችንን ጠራኋት። መጥታ ዳሰሰቻትና ልብሷን መልሳ ሸፈነችላት። ከዚያ «እኔ አላየሁም፣ እናንተም አልነገራችሁኝም። ሐኪም አንድ ነገር ከጻፈ አለቀልን። ሦስቱ ወር ለገና ይሞላል፣ እስከዚያ ታገሡ» አለች። ክፉ ሴት አይደለችም። ከዚያ ወዲህ በየማታው የሩዝ ገንፎ ይዛላት ትመጣለች፤ አጠገቧ ቁጭ ትልና አንገቷን ደፍታ ትሄዳለች። እማዬም ለክረምት የሚሆነውን ጎመን ጨው ሳላስይዝ የትም አልሄድም ብላ ነገሩን ዘጋችው። ሁላችንም ተቀምጠን ገና እስኪደርስ መጠበቅ ያዝን። ቤታችን ውስጥ የበሽታውን ስም የሚያነሳ ጠፋ።

ባለፈው ሲደውሉ እሷ ገበያ ወጥታ ስለነበር ሁሉንም ነገርኩዎት። እርስዎም «አክስት ያለችውን ስሙ። ከዚህ ሌላ የምልከው የለኝም፣ ጠብቁ» አሉኝ። አልተቀየምኩም፣ ወንድም ጋሼ። እዚያ አገር ባንኮች የሰዉን ገንዘብ ቆልፈውበት እርስዎ ሱቅ ሳይዘጉ የቆዩት በምን መከራ እንደሆነ አውቃለሁ። እሺ ብዬ ስልኩን ዘጋሁ።

አርብ ዕለት ከሥራ ስመለስ እማዬ ጎመኑን በግራ እጇ ብቻ እያነሳች አገኘኋት። ቀኙ አልታዘዝ ብሏታል። አጉል ተኝቼ ነው አለችኝ። ያኔ ቆረጥኩ። እኔ ብነግራት ደግሞ አትሰማኝም፤ በዚህ ቤት የማን ቃል እንደሚሰማ ያውቃሉ።

እሑድ አጠገቧ ተቀመጥኩና «ወንድም ጋሼ ደውለው ነበር። ገንዘቡ ገደል ይግባ፣ እናቴን ነገውኑ ሐኪም ቤት ውሰጂልኝ ብለዋል» አልኳት።

«ዶንግሶፕ እንዲህ አለ?» አለችኝ።

አዎ አልኳት። እስከዛሬ አንድ እንባ ያልወጣት ሴት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ አለቀሰች። ከዚያ ተነስታ የበዓል ልብሷን አወጣች።

ትናንት ጂንጁ ከተማ ትልቁ ሐኪም ቤት ወስጃት መጣሁ። ሐኪሙ እስካሁን የት ነበራችሁ ብሎ ተቆጣን። ከእብጠቱ ቆንጥረው ወስደዋል፣ ውጤቱ በሚመጣው ሳምንት ነው። ሐኪሙ ጽፏልና ክፉ ቢሆን አዲሱ ኢንሹራንስ እንደማይከፍል ይወቁት። አክስታችን ሰምታለች፤ ማታ ግን እንደ ልማዷ ገንፎዋን ይዛ መጣች። የመንግሥቱ ኢንሹራንስ ከሚሸፍነው የሚተርፈውን የእማዬን የሕይወት ኢንሹራንስ አፍርሰን እንከፍላለን ብያለሁ። እማዬ ግን ያ የዶንግሶፕ ነው፣ አይነካም ትላለች። ወራሹ እርስዎ ነዎትና አፍርሱት ብለው ይንገሯት።

ደግሞ በወሩ መጀመሪያ ሲደውሉ ስልኩን የምታነሳው እሷ ናት። ሐኪም ቤት ሂጂ ማለትዎን ታነሳብዎታለች። እባክዎ፣ ብያለሁ ይበሏት። ከፈለጉ በኋላ እኔን ይቆጡኝ።

ለእትዬ ሱክጃ እጅ ነስቻለሁ ይበሉልኝ። ቴኡንና ቦራን ጉንጫቸውን ይሳሙልኝ። ፒልጉ ሰላም ብሎዎታል፤ ወገብዎን እንዲጠነቀቁ ይላል። አክስታችንም ሰላም ብላለች፣ ሌላ የምትለው ጠፍቷት ነው። እማዬ ለእርስዎ እንደምጽፍ አይታ «ሐኪሙ መቆጣቱን እንዳትጽፊበት፣ ይደነግጣል። እንዳልከኝ ሄጃለሁ በይው። አክስትሽም አንቺም ጠብቂ ስትሉኝ እሱ አልጨከነብኝም በይው» ብላለች።

እህትዎ ኦክሚ
ቶንግዮንግ፣ ኖቬምበር 19 ቀን 2002 እ.ኤ.አ.