አባባ ቁልፉን ሰጠኝ

ለውድ እህቴ ዓለም፣

እንዴት ሰንብተሻል? ከናፍቆትሽ በቀር እኛ ደህና ነን።

ከጓደኞቼ ጋር ጉዞ ስናስብ፣ የት እንደምንሄድ የምንጨቃጨቀው መኪና ውስጥ ከገባን በኋላ ነው። አባባን ግን ታውቂዋለሽ፤ ጎማውን በእግሩ ሳይነካካ፣ ማረፊያውን ሳይወስን አይነሳም፤ መሪውንም ለሰው አያስነካም። ዘንድሮ ቁልፉን ሰጠኝና “በፈለግሽው መንገድ ንጂ” አለኝ። መሄድ ያማረውም ለዓመታት ወዳኮረፈው ወንድሙ ቤት ነው። ጓዳ ገብቼ እማማን “ምን ነክቶት ነው?” ስላት፣ “ሰው ወንድሙን ቢጠይቅ ምን ያስገርማል?” ብላ ፊቷን አዞረችብኝ። ትናንት ደግሞ “እህትሽ ጋ በመኪና ይደረሳል?” አለኝ። “ሩቅ ነው፣ ይደክምሃል” ስለው፣ “እንግዲያው ከእሷ እንጀምር” አለ።

ስለዚህ መምጣታችን ነው። በር ላይ ስትቀበይው “ከሳህ” እንዳትይው።

እስክንተቃቀፍ በሰላም ያቆይሽ።

ታናሽሽ