በአፍንጫ የተነበበ ቅመም

ይድረስ ለልጄ ለፋልዲላ፣ ጆሃንስበርግ። ከኬፕታውን ተራራ የሚበልጥ ሰላምታ ልኬልሻለሁ፤ እኔ አላህ ይመስገን ደህና ነኝ። ይኸው፣ ከማታ ተማሪዎች አንደኛ የወጣው አባትሽ በገዛ እጁ ጻፈልሽ!

ሐኪሙ ስኳሬን ለክቶ ሩዝ ስለከለከለኝ፣ ዛሬ ዶሮ በካሪና በጎምዛዛ ፖም በኤሌክትሪክ ድስት ቀስ እያለ ሲበስል ዋለ። ከድስቱ በቀር ቤት ውስጥ የሚያወራ አልነበረም። የቅመሞቹን ጣሳዎች እያሸተትኩ ስለይ ጎረቤታችን ጋዋ ደረሰች።

«አንተ ኢግሳን፣ ስሙ ተጽፎበት የለም እንዴ? ተምረህ ተምረህ በአፍንጫህ ታነባለህ?»

«ዓይኔን ለመጽሐፍ እያስቀመጥኩት ነው» አልኳት። ስቃ ስቃ የጎረቤት ድርሻዋን በሳህን ይዛ ሄደች።

ለኢድ ትመጫለሽ? ፊትሽን ዘንድሮ ባየው ደስ ይለኛል። መልስሽን ደግሞ በትልልቅ ፊደል ጻፊው፤ ጋዋም ልታነበው ስለምትፈልግና ዓይኗ ደከም ስላለ ነው።

ናፋቂሽ አባትሽ ኢግሳን