ብርሃን የማይወደው ዛር

ደብረ ታቦር፣ ጥቅምት 24 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለምናፍቅህ ባሌ ለባምላኩ፣

ሰሊጡ እንዴት ነው? የመተማው ሙቀትስ? እኔ ተሽሎኛል። ስልክህ እንቢ ስላለኝ፣ የጨርቅ ነጋዴው ኢድሪስ ወደዚያ ሲወርድ ይህን ያደርስልሃል።

ሕመሙ እንደገና መጥቶ ነበር። ራሴን ሊፈልጠው ደረሰ፣ አንገቴ ግትር ብሎ አልታጠፍ አለኝ፣ ብርሃን ዓይኔን ወጋኝ። መስኮቱን በጋቢህ ጋርጄ ተኛሁ። የጉና ጉም በበሩ ስንጥቅ ገብቶ አልጋው ሥር የተጋደመ መሰለኝ፤ አንተም በጉሙ ውስጥ ኮቴህን ሳታሰማ ትመላለሳለህ። ስጠራህ ፈገግ ብለህ ታልፋለህ። ምን እዋሻለሁ፣ ደስ ይል ነበር። ከዚያ እንደ ባለፈው ሁሉ በቀናት ውስጥ ለቀቀኝ።

እናትህ ግን «ብርሃን የሚጠላ ዛር ነው፤ ነገ ለልጄም ይተርፋል» ብለው ቆርጠዋል። ለኅዳር ሚካኤል አቶ ሙላቴን ሽማግሌ አድርገው ሊያፋቱን ይመጣሉ። «ባምላኩም እሺ ብሏል» አሉኝ። እውነት ነው?

ዛር አይደለም፣ ባምላኩ። ሐኪም ቤት ከጀርባዬ በመርፌ የቀዱት ውሃ አዲስ አበባ ተልኮ ውጤቱ መጣ። ዶክተር ገነት አስቀምጠው አስረዱኝ። ከንፈር ላይ የሚወጣው፣ እኛ ምች የምንለው ቁስል ዘመድ የሆነ ቫይረስ ነው አሉ። ይሄኛው ቁስሉን የሚያወጣው ኀፍረተ ሥጋ ላይ ነው። ቁስሉ ቢድንም ቫይረሱ ነርቭ ውስጥ ተኝቶ ይቆያል፤ ሲነቃ የአንጎልን ሽፋን ያስቆጣል። ይመላለስብሽ ይሆናል እንጂ እንዲህ በቀላሉ አይገድልሽም ብለውኛል።

«ባለቤትሽ እንዲህ ያለ ቁስል ወጥቶበት ያውቃል?» ሲሉኝ፣ «ኧረ የለም» አልኋቸው።

አምና ከመተማ የተመለስህ ሰሞን ትዝ ይልሃል? «የቆላ ፀሐይ ነው፣ ምች መታኝ» ብለኸኝ፣ ዳማከሴ እየጨመቅሁ ስቀባህ «ቀስ በይ እንጂ!» እያልህ ስታስቀኝ? ፀሐይ ሱሪ ውስጥ ይገባል እንዴ ብዬ ቀልጄብህም ነበር።

ለእናትህ ምንም አልነገርሁም። አልነግራቸውምም። አንተ ግን ከሚካኤል በፊት ድረስና በሽማግሌው ፊት «ዛር አይደለም» በላቸው። ከዚያ የቀረውን መናገር ያንተ ፋንታ ነው። ዶክተሯም አንተን ማየት ይፈልጋሉ።

መድኃኔ ዓለም ከንዳዱም ከጊንጡም ይሰውርህ፤ በደህና ያግባህ። ዳማከሴው ደጃፋችን ላይ ለምልሟል። ልነቅለው ብዬ ነበር፤ ተውሁት።

ያንተው ትርሐስ