ሰባት ቤት ሳልቆጥር ለመረጥኳቸው የፓርላማ አባል

ለክቡር የፓርላማ አባላችን
ኦታዋ፣ ካናዳ

ክቡር ሆይ፦

እንደምን ከርመዋል? ጤናዎ፣ ቤተሰብዎ፣ በተለይም ወገብዎ እንዴት ነው? ወገብዎን ለይቼ የጠየቅኩት ከወግ አጥባቂዎቹ ወንበር ተነስተው፣ አዳራሹን አቋርጠው፣ ከሊበራሎቹ መሃል እስኪቀመጡ ድረስ ያለው መንገድ የመራጭ ድምፅ ተሸክሞ ለሚሄድ ሰው ቀላል እንዳልሆነ ስለሚገባኝ ነው። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ሰው ፊት ከመቅረብ በቀር የሚያቅተኝ ነገር የለም።

ስምዎን እዚህ ላይ ባለመጻፌ ይቅርታዎን እለምናለሁ። ባለፈው ምርጫ በፖስታ በመጣልኝ የድምፅ መስጫ ወረቀት ላይ ስምዎን በገዛ እጄ፣ አሳምሬ ጽፌ የደረሰብኝን ስለማውቅ ዳግመኛ አልደፍርም። በአማርኛ መጻፌም ለክብርዎ ብዬ ነው፤ አዲሶቹ ባልደረቦችዎ የብዙ ባህሎች ወዳጅ መሆናቸውን ዘወትር ስለሚነግሩን አስተርጓሚ አያጡም።

ማለደ እንየው እባላለሁ። ከጎንደር በሱዳን በኩል ወጥቼ፣ እናንተ አገር ለብዙ ክረምት በረዶ ጠርጌ ዜግነት ያገኘሁ፣ ዛሬ እስራኤል ውስጥ ቂርያት ጋት የምኖርና በኢንዱስትሪ ቀጠናው አንድ የፕላስቲክ ፋብሪካ ውስጥ የምሠራ ሰው ነኝ። የወግ አጥባቂው ፓርቲ መራጭ መሆኔን ስናገር አላፍርም። መንግሥት ከአቅሙ በላይ አያባክን፣ ወንጀለኛ ዛሬ ተይዞ ነገ አይለቀቅ፣ ካናዳ የቀረችው ልጄ ሜይታልም ከነባሏ ቀን ከሌት እየሠራች የሰው ምድር ቤት ተከራይታ አትቅር የሚል እምነት አለኝ። እርስዎም በበራሪ ወረቀትዎ ላይ ይህንኑ በደማቅ ሰማያዊ ቀለም ጽፈውልን ነበር። ለማተሚያ ቤቱ ምስጋናዬን ያድርሱልኝ፤ ቀለሙ እስካሁን አልለቀቀም።

አቤቱታዎቼ የሚከተሉት ናቸው።

1ኛ. ዛሬ እንደ እኔው እዚህ የሚኖረው የእህቴ ባል አለነ፣ ካናዳ ከገባንበት ጊዜ ጀምሮ ሊበራል ሲመርጥ የኖረ ሰው ነው። ባለፈው ምርጫ ግን በየሰንበቱ ምሳ ላይ ስጨቀጭቀው ከርሜ፣ እህቴም በሁለታችን ጩኸት ተሰላችታ፣ ለቤቱ ሰላም ሲል የእርስዎን ስም ጻፈ። በዕድሜው አንዴ ለወግ አጥባቂ ድምፁን ቢሰጥ እርስዎ ሊበራል ሆነው ከች አሉለት። አሁን በየሰንበቱ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ "ማለደ፣ ቶዳ ራባ! ያለ አንተ ይህን ወንበር ከየት እናገኘው ነበር?" ይለኛል። ምስጋናው የሚገባው ለእርስዎ ስለሆነ ሳልቀንስ አስተላልፌያለሁ።

2ኛ. የካርቦን ግብር ይነሳልን እያልን ስንጮኽ ሊበራሎቹ ምድር ልትቃጠል ነው ይሉን ነበር። ምርጫ ሲደርስ በነዳጅ የምንከፍለውን ራሳቸው አነሱና አመስግኑን አሉ። ሐሳባችንን ሲወስዱ ዝም አልን፤ ቀጥለው እርስዎን ወሰዱ። የቀረሁት እኔ ነኝና ሊወስዱኝ ሲመጡ ቀደም ብለው ቢደውሉልኝ፣ የፋብሪካ ልብሴን ቀይሬ እጠብቃለሁ።

3ኛ. በእኛ ዘንድ ወንድና ሴት ልጅ ከመጋባታቸው በፊት ሽማግሌዎች ተቀምጠው ሰባት ቤት ዘር ይቆጥራሉ። እኔም እርስዎን በዚሁ ወግ መረመርኩዎት። አባትዎ፣ አያትዎና ቅድመ አያትዎ ወግ አጥባቂ እንደነበሩ ከበራሪ ወረቀትዎ አነበብኩ፤ ሦስት ቤት ሞላልኝ። የቀሩትን አራት ቤቶች ለካናዳ ክብር ብዬ ተውኳቸው። ከዚያም በሽማግሌዎች ክበብ፣ እኛ ሞአዶን በምንለው፣ ቆሜ "ይህ ሰው ከቤቱ አይወጣም፣ ዋሱ እኔ ነኝ" ብዬ መሰከርኩ። ለካስ ሰባት ቤት የሚቆጠረው ከወዲያኛው ወገን ጋር ዝምድና አለመኖሩን ለማረጋገጥ ነው! ከወግ አጥባቂዎቹ ጋር ያለዎትን የሥጋ ዝምድና ስቆጥር፣ ከሊበራሎቹ ጋር መዛመድ አለመዛመድዎን ሳልጠይቅ ቀረሁ።

ሽማግሌዎቹ በዚህ አገር ፖለቲከኛ ከፓርቲ ፓርቲ ሲዘል በቴሌቪዥን እያዩ ያረጁ ስለሆኑ አስጠንቅቀውኝ ነበር። እኔ ግን ካናዳ ሌላ ነው፣ እዚያ እግሩን የረገጥከው ሰው እንኳ ቀድሞ ይቅርታ ይልሃል ብዬ አፌን ሞልቼ ተናገርኩ። አሁን ባዩኝ ቁጥር "ሰውየው ይቅርታ ብሎሃል ወይ?" ብለው ይጠይቁኛል። ፖስታ ይዘገያል እላቸዋለሁ።

4ኛ. ይህኛው ቀልድ አይደለም። የሟች ወንድሜ ልጅ አሪኤል፣ እዚሁ ከተማችን ካርሜ ጋት በሚባለው ሰፈር የሚኖሩትን የአቶ አግደውን ልጅ ታሄልን ሊያገባ ይፈልጋል። በአባቱ ፋንታ ሽማግሌ ሆኜ ሄጄ፣ ልጁን አሳድጌዋለሁ፣ ጠባዩን አውቃለሁ ብዬ መመስከር የእኔ ድርሻ ነበር። አቶ አግደው ግን ለእርስዎ ዋስ በሆንኩበት ቀን ክበቡ ውስጥ ከፊት ተቀምጠው ነበርና፣ "ማለደ ይምጣ፣ ቤቴ ቤቱ ነው፤ ስለ ልጁ የሚመሰክረው ግን ሌላ ሰው ይሁን" ብለው በእህቴ በኩል ላኩብኝ። ወንድሜን ከቀበርኩ ጀምሮ ያንን የሽምግልና ቀን ስጠብቅ ነበር። አዝኛለሁ፤ በጣም አዝኛለሁ። እርስዎ ደግሞ የወሰዱብኝን ነገር እንኳ አያውቁትም።

ወንበር በቀየሩበት ቀን፣ "ሕዝብ የመረጠው ፓርቲዬን ሳይሆን እኔን ነው" ማለትዎን ሰምቻለሁ። እውነትዎን ነው፤ በወረቀቱ ላይ የጻፍኩት ስምዎን ብቻ ነበር። እንግዲያው ወንበሩን ለመራጩ ይመልሱና በአዲሱ ቀለምዎ እንደገና ይወዳደሩ። ካሸነፉ ቆሜ አጨበጭባለሁ። ይህ ከከበደዎት አንዴ ብቅ ይበሉና ለአቶ አግደው፣ "ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ ማለደ ጨዋ ሰው ነው" ይበሉልኝ። ካርሜ ጋት ሩቅ አይደለም፤ እርስዎ ከዚህ የራቀ ቦታ በጥቂት እርምጃ ደርሰዋል።

በየትኛውም ወንበር ላይ ቢሆኑ ጤናና ዕድሜ እንዲሰጥዎ የሚመኝልዎ፣ ቢያንስ ይህ ደብዳቤ እስኪደርስዎ ድረስ ባሉበት እንዲቆዩ የሚጸልይልዎ፣ ታማኝ መራጭዎና የቀድሞ ዋስዎ፣

ማለደ እንየው
ቂርያት ጋት

ተጨማሪ፦ ደብዳቤውን ሳልልከው ሽምግልናው ተፈጸመ። በእኔ ቦታ የተናገረው አለነ ነው። ተነስቶ፣ "ማለደ የመሰከረለት ሰው ምን እንዳደረገ ሁላችንም አይተናል፤ ለዚህ ልጅ ግን ማለደ አንዲት ቃል አልመሰከረም" ቢል፣ ቤቱ በሳቅ ሞላ፤ ታሄልም ወዲያው ተፈቀደችልን። እኔም በሩ አጠገብ ቆሜ ከሁሉም ጋር አሜን አልኩ። አለነ እርስዎም ለሠርጉ ይጠሩ ብሎ ነበር። አቶ አግደው ግን የሚጠሩት ሙሽሮቹ እስኪሸኙ ድረስ የሚቆይ ሰው ብቻ መሆኑን ገልጸውልናል።