የፍልሰታውን ክኒን ስተካ

ነሐሴ 18፣ ጧት
ዛሬም ሁለት ዋጥኩ። አንዷ የዛሬ፣ አንዷ የፍልሰታ። በሱባኤው ጠበል ስጠጣ ክኒን አልነካሁም። አሁን ያጎደልኩትን እየተካሁ ነው፣ ጾም የገደፈ ሰው እንደሚተካው። ስትመር ደግሞ፣ ደብተሬ፣ የኮሶ ታናሽ እህት!
ፊቴ ላይ ያለው ቅላት ቀነስ ብሏል። ሰፈሩ ምች ነው ይላል። የጎንደሩ ሐኪም ግን ሉፐስ ነው፣ የገዛ ደምሽ ሰውነትሽን እየወጋ ነው ብሎኛል። ደሜ ሸፈተ ማለት ነው።

ነሐሴ 21፣ ከሰዓት
ዳዊት ስደግም ከመስመሩ መሐል ፊደል ጠፋ። ጎን ጎኑ አለ፣ መሐሉ የለም። ዓይኔን በነጠላ ጠረግኩ። ጉም ይሆናል፣ የከተማችን የንፋስ መውጫ ክረምት ቤት ድረስ ይገባል። በሩን ዘጋሁ። ፊደሉ አልመጣም።
ሦስት ብውጥስ? ቶሎ ቢሽረኝ።

ነሐሴ 23
ፈትል ያዝኩ። ክሩ በእጄ ይሰማኛል፣ ለዓይኔ አይታይም። ጎረቤቴ እትዬ ስንዱ አየችና፣ «የጸሐፊው ሚስት፣ በሬ ልታስሪበት ነው ይሄን ገመድ?» አለችኝ። አብሬያት ሳቅኩ። ስትወጣ አለቀስኩ።
ለባለቤቴ አልነገርኩም። ከአውራጃ ግዛት መሥሪያ ቤት ደክሞት ነው የሚመጣ። ከነገርኩት ጎንደር ይለኛል። በዚህ ጭቃ፣ እስከ ደብረ ታቦር በበቅሎ! እውነቱን ልንገርሽ፣ ደብተሬ? ጭቃው አይደለም። ሐኪሙ ትታወሪያለሽ እንዳይለኝ ነው።

ነሐሴ 25
የንስሐ አባቴ መምሬ ውብሸት መጡ። ክኒኑን መተካቴን ነገርኳቸው፣ ይመርቁኛል ብዬ። ተቆጡ እንጂ! «ቀኖና የምሰጥ እኔ፣ ክኒን የሚያዝ ሐኪሙ። አንቺ ሁለታችንንም ሆንሽ?» ሐኪሙ ስለ ዓይን ያለሽ የለም ወይ አሉኝ።
ብሎኛል፣ ደብተሬ። ሕመሙም ዓይን ይነካል፣ ክኒኑም ሲበዛ ይጎዳል፣ በየስድስት ወሩ እየመጣሽ ተመርመሪ ብሎኛል። ሳልሄድ ሁለት ክረምት አለፈ። ክኒኑን ከዚሁ ከጤና ጣቢያው ድሬሰር አገኛለሁ፣ ለወባ የሚሰጡት ነው። ምን አስኬደኝ!

ነሐሴ 26፣ ጧት
አንድ ዓይኔን ሸፍኜ የተኛውን ባለቤቴን አየሁት። ጢሙ አለ። ጆሮው አለ። አፍንጫው የለም። ሳቄ መጣ፣ ከኋላው ፍርሃቱ። ቀስቅሼ ነገርኩት። «አንቺ ሴት፣ አፍንጫዬን የት ጣልሽው?» አለኝ። ወዲያው ተነስቶ በቅሎ ሊለምን ወጣ።
ክኒን አልነካሁም፣ የዛሬዋንም። ሐኪሙ ሳያየኝ አልነካም። ሕመሙ ቢነሳብኝስ? ጉልበቴን ከአሁኑ ይቆረጥመኛል። ይሁን። ነገ ፀሐይ ሳትወጣብኝ እንነሳለን። ትታወሪያለሽ ቢለኝም ቁጭ ብዬ እሰማዋለሁ። የጠፋው ይመለሳል ወይ እለዋለሁ። ካልተመለሰም፣ የቀረውን እንዴት ላቆየው እለዋለሁ።