«ጥቃቅን ማሻሻያዎች» የተባለው የሰዓት ለውጥ

ሰኞ

ሚኪያስ የሰዓቱን ለውጥ «ጥቃቅን ማሻሻያዎች» ብሎ ጻፈው! የማስታወቂያውን ረቂቅ ጠዋት ስከፍት የመጨረሻው መስመር ላይ አገኘሁት።

በንዴት ነገር እንዳይምታታብኝ በትክክል ላስፍረው። የእኛ ላይብረሪ ቀንና ሰዓት የሚያሰላ ኮድ ነው፤ ሌሎች ፕሮግራም ሠሪዎች ወስደው ሥራቸው ውስጥ ያስገቡታል። እስከ ዛሬ ሰዓት ሲጠየቅ በእኛ አቆጣጠር ነበር የሚመልሰው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ከሆነ፣ ሁለት። ዓርብ የሚወጣው እትም ግን ለዚያው ጥያቄ ስምንት ይላል፣ በፈረንጅ አቆጣጠር። ሰዓት የሚጠየቅበት ትእዛዝ ስም ግን አልተለወጠም። ስለዚህ የማንም ፕሮግራም አይቆምም። ዝም ብሎ ይዋሻል።

አዲስ አበባ ላለው የቡድናችን መሪ ለሚኪያስ ደወልኩ።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ ጋዜጣ አይደለም። ማን ያነበዋል ብለው ነው?»

ጋዜጣ ቤት የሸበትኩት የስህተት ማረሚያ የት ገጽ ይውጣ እያልኩ ስጨቃጨቅ ነው። ወደ አገሬ ወደ መሐል ሜዳ ተመልሼ የእነሚኪያስን የኮድ ለውጥ ማስታወቂያ መጻፍ ስጀምር ጭቅጭቁ የቀረልኝ መስሎኝ ነበር።

ማክሰኞ

እስከ ቀትር መብራት የለም። ሲመጣ ማስታወቂያውን እንደ አዲስ ጻፍኩት። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር፦ «ሰዓት የሚመልሰው ትእዛዝ ከዓርብ ጀምሮ ሌላ ቁጥር ይመልሳል፤ ፕሮግራማችሁን ሳታስተካክሉ አዲሱን እትም አትጫኑ።»

ሚኪያስ፦ «ሰው ያስደነግጣል።»

«እንዲደነግጥ ነው የጻፍኩት» አልኩት።

ማምሻውን አየሁት። ወደ ታች አውርዶታል። አናቱ ላይ የድረ ገጹን አዲስ ቀለም የሚያወድስ አንቀጽ ተሰቅሏል። ቀለም!

ረቡዕ

ተጠቃሚዎቹን እሱ ካልነገራቸው እኔ እነግራቸዋለሁ ብዬ ስልክ ያዝኩ።

— ላይብረሪውን የሚጠቀሙት የአዲስ አበባ ልጆች፦ ሰምተዋል።
— የአውቶቡስ ትኬት የሚሸጡት፦ ደወልኩ፣ ገባቸው፣ ተሳደቡ። ልክ ናቸው።
— እታገኝ፣ ቀየት፦ ስልኳ አይሠራም።

እታገኝ እዚያ ቀየት ትምህርት ቤት የኮምፒውተር መምህርት ናት። ከቀየት ቁልቁል ላለ አንድ ጤና ጣቢያ ለነፍሰ ጡሮች ቀጠሮ በስልክ መልእክት የሚልክ ፕሮግራም ሠርታለች። ሐኪሙ የሚያየው ጠዋት ብቻ ነው። ሁለት ሰዓት የተቀጠረች ሴት «ስምንት ሰዓት ይምጡ» የሚል መልእክት ከደረሳት ከምሳ በኋላ ትደርሳለች፤ ሐኪሙም ሄዷል። ያን ሁሉ ዳገት ሳትታይ ትመለሳለች።

ጥቃቅን።

ሐሙስ

በመጀመሪያው ሚኒባስ ቀየት ወረድኩ። እታገኝን በእረፍት ሰዓት አገኘኋት።

«ጋሽ በላይ! ምን እግር ጣለዎት?»

ነገርኳት። ፊቷ ተለወጠ። «ነገ ነው የሚወጣው? ታዲያ ምን አስቸኮለዎት፣ ከነገ ወዲያ አይመጡም ነበር!»

ማስታወቂያውን ድረ ገጹ ላይ አናቱ ላይ ላወጣው እየታገልኩ እንደሆነ ስነግራት ጭራሽ ባሰባት። «ፕሮግራሙ አዲስ እትም ራሱ ያወርዳል። እሱ ያወርዳል፣ እኔ ክፍል ነኝ። የእርስዎን ያማረ ዓረፍተ ነገር ማን ያንብበው፣ ኮምፒውተሩ?»

ፕሮግራሙ ያለበት ጤና ጣቢያ በእግር ሩቅ ነው፤ ከቅዳሜ በፊት መውረድ አትችልም። ኔትወርክ ፍለጋ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ያለውን ጉብታ ወጣን። ሚኪያስ ሲያነሳ ስልኩን ከእጄ ነጠቀችኝ።

«አንተ ነህ ጥቃቅን ያልከው? እታገኝ እባላለሁ። ያረገዘች ሴት በከንቱ አቀበት ስትወጣ አንተ ትደግፋታለህ? ... ይቅርታህን ተወው። የትእዛዙን ስም ቀይረው። በድሮው ስም ሲጠራ ፕሮግራሜ ይቁም፣ ለምን እንደቆመም እዚያው ይጻፍልኝ። ከሚዋሽ ቢቆም ይሻለኛል።»

«ከቡድኑ ጋር ልነጋገር» አለ። ዘጋችበት።

ስመለስ መንገዱን ሙሉ ተናደድኩ። በሚኪያስ ብቻ አይደለም። ሳምንቱን የተጣላሁት ስለ ቃላት ቦታ ነበር፤ ቃላቱ እሷ ጋ ይደርሱ እንደሆነ አልጠየቅኩም።

ዓርብ

ጠዋት ምንም የለም። ለሚኪያስ ሁለቴ ደወልኩ፣ አያነሳም።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ እትሙ ወጣ። አወረድኩና በድሮው ስም ጠራሁት። ቆመ! አዲሱን ስምና ምክንያቱን በአማርኛ ጻፈልኝ። ማስታወቂያውም አናቱ ላይ ነው፣ አዲሱ ስም ከመጨመሩ በቀር አንድ ቃል አልተነካም። ቀለሙ ከታች ገብቷል።

ከሚኪያስ የመጣው መልእክት፦ «ጋሼ፣ እንደተባለው ሆኗል። ያቺን ሴትዮ ሁለተኛ እንዳያገናኙኝ።»

ሳቄ መጣ። ንዴቴ ግን አልወጣልኝም። ሰኞ ቢሰማኝ ኖሮ ይህ ሁሉ ምን ያደርግ ነበር?

ቅዳሜ

እታገኝ ከጤና ጣቢያው ደወለች። ፕሮግራሙ ቆሞ ነው ያገኘችው፤ ነርሷ ትጮህባታለች። የተሳሳተ መልእክት አንድም አልወጣም። እስክታስተካክለው ለሰኞ ባለቀጠሮዎች ተራ በተራ እየደወሉ እየነገሯቸው ነው።

«አንዷ ግን አታነሳም» አለችኝ። «እናቷ ዘንድ ሄዳለች አሉ፣ እዚያው እርስዎ አጠገብ።»

የመንደሩን ስም ተቀበልኳት። ነገ ከቅዳሴ መልስ ወደዚያ የሚሄድ ሰው አላጣም። ካጣሁም ራሴ እሄዳለሁ። መልእክቱ አጭር ነው፦ ሰኞ፣ በጠዋት ነይ።